አንድ ሺህ ቁራጭ ይዞ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው ወይ?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

ስንማር የቆየነውን የሮሜ መልእክት ዛሬ ለአንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። አንድ ጥያቄ ደርሶኛል፤ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፣ ትንሽ ግን አይደለም።

የጻፈችው ከሱሉልታ አንዲት እህት ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ፓስተር፣ ባለቤቴ የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆነ። ቀን ቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ማታ ግን እህቴ ከውጭ አገር ለልጆቹ የላከችውን ፐዝል ኮምፔንሳቶ ላይ ዘርግቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። አንድ ሺህ ቁራጭ ነው። ልጆቹ ከብዷቸው ትተውታል፣ እሱ ግን አልተወውም። በዚያ ሰዓት ሲጸልይ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ነገር ከጌታ ያርቀው ይሆን? ካርቶኑን ልደብቀው ወይ? ይንገሩኝ።»

እንግዲህ ፐዝል ምንድነው የምትሉ አትጠፉም። ልጆቻችን በመዋዕለ ሕፃናት ከእንጨት የተቆረጠ የአንበሳ ሥዕል ሲገጣጥሙ አይታችሁ ይሆናል። ያ ስድስት ወይም አሥር ቁራጭ ነው። የትልቅ ሰው ፐዝልም ሥራው ያው ነው፤ አንድ ሥዕል ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ 500 ወይም 1000 ወይም ከዚያ በላይ ቦታ ተቆራርጦ፣ ተደባልቆ በሳጥን ይመጣል። ቁራጩ በአንድ ጎኑ ወጣ ያለ ጆሮ አለው፣ በሌላ ጎኑ ገባ ያለ ጎድጓዳ። የአንዱ ጆሮ ከሌላው ጎድጓዳ ሲገባ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። 1000 ቁራጭ ያለው ተገጣጥሞ ሲያልቅ 70 በ50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ሰባኪ ነኝና እዚህ ላይ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። «እያንዳንዳችን በጌታ እጅ ያለን ቁራጭ ነን፣ እርሱ ሙሉውን ሥዕል ያያል» ልል ነው አይደል? ይህን ስብከት ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ እኔም ሰብኬዋለሁ፣ ወደፊትም እሰብከው ይሆናል። ዛሬ ግን አልሰብከውም። እህታችን የጠየቀችው ፐዝል የምን ምሳሌ ነው ብላ አይደለም። ባለቤቷ ማታ ማታ የሚያደርገው ነገር ራሱ፣ እንዳለ፣ ደህና ነገር ነው ወይ ነው ያለችው። ስለዚህ ስለ ራሱ እንነጋገር።

ሰው ደክሞት ቤቱ ገብቶ ለምን ከባድ ነገር ይመርጣል? ቀላል ጨዋታ ሞልቷል፤ ስልኩ አለ። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ትላላችሁ። ሳጥኑ ከፈረንጅ አገር ይምጣ እንጂ ከባድ ነገርን ለደስታ መፈለግ ከእኛ ዘንድ የቆየ ነው። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልህ!» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ቀላል የሚጠይቅ ልጅ ይሳቅበት ነበር። ያቃተው ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አስቡት፣ መልሱን ለማወቅ አገር ይሰጣል! ያ ደስታ ከመልሱ ብቻ አልነበረም። ደስታው ጭንቅላት ሲያስብ ከሚሰማው ነገር ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አይንቅም። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። ንግሥተ ሳባ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ፣ ሽቶና ወርቅ በግመል ጭና ወደ ሰሎሞን ስትመጣ ሌላም ነገር ይዛ ነበር፤ እንቆቅልሾቿን። ሰሎሞን «ንጉሥ ነኝ፣ ለዚህ ጊዜ የለኝም» አላላትም። ቁጭ ብሎ ሁሉንም መለሰላት። ሳምሶንም በመሳፍንት 14 በሠርጉ ላይ ለ30 ሚዜዎቹ እንቆቅልሽ ሰጥቷቸው ነበር፤ የግብዣው ሰባት ቀን ደግሞ የማሰቢያ ጊዜያቸው ነበር። (መጨረሻው አላማረም፤ ጥፋቱ ግን የእንቆቅልሹ አይደለም።)

ወደ ፐዝሉ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ የሚሠራ የለንደን ሰው ካርታ ስስ ጣውላ ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር በመጋዝ ቆረጠው። ልጆች መልሰው እየገጣጠሙ ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ነው። ለረጅም ጊዜ ፐዝል የሀብታም ልጆች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ወደ ሰፊው ሕዝብ የገባው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወድቆ ሚሊዮኖች ሥራ ባጡበት ጊዜ። ያን ጊዜ ከካርቶን የተሠራ ርካሽ ፐዝል በየሳምንቱ አዲስ አዲስ እየወጣ በጋዜጣ መሸጫ ይሸጥ ነበር። መግዛት ያልቻለ ከቤተ መጻሕፍት ይዋስ፣ ከመድኃኒት ቤት በሳንቲም ይከራይ ነበር።

እህቴ፣ ይህን ልብ በይልኝ። ሥራ አጥቶ ፐዝል ላይ የተቀመጠ ሰው ባለቤትሽ የመጀመሪያው አይደለም።

ከባድነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማይገባው እዚህ ጋ ነው። 1000 ቁራጭ ከ500 ቁራጭ በእጥፍ የሚከብድ ይመስላል። አይደለም። 500 ቁራጭ ውስጥ ሁለት ሁለት እያደረግህ «ይህ ከዚህ ይገጥማል ወይ?» ብትል 124,750 ጥንድ አለ። በ1000 ውስጥ ግን 499,500 ጥንድ ነው። ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሁሉን እየሞከረ የሚሄድ ሰው አይጨርሰውም። ስለዚህ ማሰብ ይጀምራል፤ ጨዋታው የሚጣፍጠውም ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ ማገላበጥ። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ጎን ያላቸውን መልቀም፤ እነዚህ ዳር ናቸው። 1000 ቁራጩ 40 በ25 ተደርጎ የተቆረጠ ከሆነ የዳሩ ቁራጭ 126 ብቻ ነው፤ አራቱ ማዕዘን ናቸው። 126 ከ1000 ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። ዳሩ ሲያልቅ አጥር እንደታጠረ ግቢ ይሆንልሃል፤ ውስጡ ባዶ ቢሆንም የት እንደምትሠራ ታውቃለህ። ከዚያ በቀለም መለየት ነው። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ትሪ አለ፤ እኛ ግን ሰፌድ አለን። አረንጓዴው በአንዱ ሰፌድ፣ ቀዩ በሌላው። ምስር የለቀመች ሴት ዓይን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከምስር ውስጥ ያቺን ጠጠር የምታይ እናት፣ ከ200 ሰማያዊ ቁራጭ ውስጥ ትንሽ ጠቆር የምትለዋን ታያለች።

ቤት፣ ሰው፣ አበባ ያለበት ቦታ ቶሎ ያልቃል። መከራው ሰማዩ ነው። ሰማይ አንድ ቀለም ነው፤ ዓይን ምንም አይረዳህም። እዚያ ስትደርስ የምታየው ቅርጹን ብቻ ነው፤ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ሦስት ጆሮ ያለው፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ትከሻው የሰፋ። ጣት ከዓይን ይቀድማል። ሰበታ ያላችሁ ወገኖች የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ነው የምትኖሩት፤ ጣት ማንበብ እንደሚችል እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሃምሳውን ሞክረህ ሃምሳ አንደኛው ሲገባ ግን፣ ያቺ ትንሽ «ቀጭ» የምትለው ነገር! ትልቅ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ፈገግ ይላል። ማንም አላጨበጨበለትም፣ ብር አላገኘም፣ ማንንም አላሸነፈም። ይህን ደስታ የማያውቅ ሰው ቢስቅበት አልፈርድበትም፤ ያወቀው ግን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይሰጠዋል።

በነገራችን ላይ የዓለም ውድድርም አለው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፔን አገር፣ ቫያዶሊድ በሚባል ከተማ ይካሄዳል። አሸናፊዎቹ 500 ቁራጭ 40 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይገጣጥማሉ። ያስደንቃል። እኔ ግን አልቀናባቸውም። ቀኑን ሙሉ ከቡራዩ በአስኮ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ፣ በትራንስፖርት ሰልፍ ሲሯሯጥ ውሎ ለሚመጣ ሰው፣ ማታ ደግሞ ሌላ ሩጫ ምን ያደርግለታል?

በአገራችን ይህ ሥራ በትልቁ ተሠርቷል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን ውሰዱ። (ስለ ዕድሜዋ የሚባለውን በሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ ዛሬ ስለ መገጣጠሙ ነው የማወራው።) የተገኘችው ሙሉ ሆና አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ስብርባሪ አጥንት ነው የተለቀመው። ሥዕሉ ያለበት ካርቶን የለም። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ደግሞ ከአጽሙ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ከግማሽ በላዩ የጠፋ ፐዝል ማለት ነው፤ ሆኖም ቆማ ትሄድ እንደነበር ከዚያው አነበቡት። የአክሱም ሐውልትም አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተወስዶ ሮም ቆሞ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ፣ በሦስት በረራ በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ። 24 ሜትር ቁመት፣ ወደ 160 ቶን ክብደት፤ ቁራጩ ሦስት ብቻ ነው፣ ግን አንዱን በስህተት አስቀምጬ ልመልሰው የማይባል ነው። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። ያን ቀን በቴሌቪዥን ስናይ እልል ያልነው ለምን ነበር? የተለያየው ቦታው ሲገባ ማየት የሰው ልብ ስለሚወድ ነው።

አሁን ወደ ሱሉልታው ቤት። ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ በፈቃዳቸው ሄጄ ነበር፤ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ኮምፔንሳቶው ቀን አልጋ ሥር ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ሥዕሉ በጀርመን አገር ተራራ ላይ ያለ ነጭ ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ አልቋል፤ የቀረው ዙሪያው ያለው ጫካ ነበር፣ ወደ 300 የሚሆን አረንጓዴ ቁራጭ። ወንድማችንን «ምን ታገኝበታለህ?» አልኩት። ዝም አለ፤ አንዱን ቁራጭ አገላብጦ መለሰው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ፓስተር፣ ቀን ቀን በር አንኳኳለሁ። ‹ስልክ ቁጥርህን ተው፣ እንደውልልሃለን› ይሉኛል። እሺም አይሉኝ፣ እንቢም አይሉኝ። ይሄ ግን ይገጥማል ወይ አይገጥምም። እዚያው ይነግረኛል።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል አትለፉት። ሰባት ወር ሙሉ መልስ ያላገኘ ሰው ነው። ማታ አንድ ነገር መልስ ይሰጠዋል፤ እንቢ ቢለው እንኳ በግልጽ ነው እንቢ የሚለው፣ እሺ ሲለውም አይቀለብስም። እጁ 14 ዓመት ማሽን ላይ የሠራ እጅ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይጨነቃል። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ «ከቁራጮቹ ጋር ሆኜ ነው አንዳንዴ ጸሎቴ የሚመጣልኝ» ብሎኛል። እኔ ግን ስለጸለየበት ብቻ ነው የተፈቀደው እንድትሉ አልፈልግም። ባይጸልይበትም ዕረፍት ነው። ማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ለምግብ እንኳ ጊዜ አጥተው ሲመለሱ፣ ጌታ ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነው የነገራቸው። ይህን ሲላቸው ሌላ ሥራ አልጨመረበትም። እኛ ግን ለዕረፍት ሁሉ መንፈሳዊ ደረሰኝ እንጠይቃለን። ይህ በቤተ ክርስቲያናችን ያለ ልማድ ነው፤ ብዙ ወንድሞችን ከቤተሰባቸው ፊት ተደብቀው እንዲያርፉ አድርጓል። ከዕረፍቱ ይልቅ መደበቁ ነው የሚጎዳቸው።

እርግጥ ነው፣ እህታችን የፈራችው ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም። ቤቲንግ የሚባል ነገር አለ። ሥራ ያጣ ሰው የሚገባበትን ታውቃለች፤ ጎረቤት አይታለች። ነገር ግን ልዩነቱን እዩት። ቤቲንግ የነገውን ዳቦ ዛሬ ይወስዳል፣ «ቀጥሎ ታሸንፋለህ» እያለ ይዋሻል። ፐዝል አይዋሽም፣ ኪስ አይገባም፣ ደግሞም መጨረሻ አለው፤ አንድ ሺህኛው ከገባ አለቀ። ያም ሆኖ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 6 የተፈቀደ ነገር እንኳ በላያችን እንዳይሠለጥን ያለው እዚህም ይሠራል። እኩለ ሌሊት ብዙ ነው፣ ወንድሜ። ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ሰው መተኛት አለበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፔንሳቶው አልጋ ሥር ይግባ፤ ቁራጮቹ ሌሊት አይሸሹም። ሚስትህ የምታወራው ነገር ሲኖራትም ጫካው ይቆይ። ከቤት ወጪ ላይ አንስቶ ሌላ ሳጥን መግዛት ደግሞ አይታሰብ፤ አዲስ ፐዝል በእኛ ገበያ ውድ ነው።

ለአንቺም እህቴ። ካርቶኑን አትደብቂው። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው መሪው፤ እሱን ከደበቅሽበት የበለጠ ከብዶት የበለጠ ያመሻል! ይልቅስ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቡና እያፈላች፣ ጀበናውን እንደያዘች ከኋላችን ቆመች። እኛ ሁለት ወንዶች አንዷን ቁራጭ ሩብ ሰዓት ስናዞራት ነበር። «እሱ ጫካ አይደለም እኮ፣ ጥላ ነው፤ ወደ ታች ነው» አለች። ወደ ታች ወሰድናት፣ ገባች። ከዚያ በኋላ ጀበናው ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ቡናው ትንሽ ቀዝቅዞ ጠጣነው። ባሏ «አንቺ የት ነበርሽ እስካሁን?» አላት። እሷም «ጠርተኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። እኔ ዝም አልኩ። ለዚህ የሚሆን ስብከት አልነበረኝም፣ አያስፈልግምም ነበር።

ፐዝል የት ይገኛል ለምትሉ፣ መግዛት ግድ አይደለም። ያለፈው ዓመት ካላንደር ግድግዳ ላይ አለ አይደል? ትልቅና ብዙ ቀለም ያለውን ሥዕል ምረጡ። ወፍራም ካርቶን ላይ በደንብ ለጥፉት፣ በላዩ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አንድ ሌሊት ይደር። ከጀርባው በእርሳስ መስመር አስምሩና በስለት ቁረጡ፤ ስለቱን ትልቅ ሰው ይያዝ። ለልጆች 30 ወይም 40 ይበቃል። ለራሳችሁ ከሆነ 150 ሞክሩና ንገሩኝ። በእጅ የተቆረጠ እንዲያውም ይከብዳል፤ ጆሮ ስለሌለው አንዱ ሌላውን አይዝም፣ ኮምፔንሳቶውን ያነቃነቀ ልጅ ወዮለት።

ቁራጭ ቢጠፋም አትዘኑ። ያለቀው ሥዕል ላይ ክፍተቱን በስስ ወረቀት ገልብጣችሁ፣ ያንኑ ቅርጽ ከካርቶን ቆርጣችሁ፣ ቀለሙን በእርሳስ ትሞላላችሁ። ትንሽ ያስታውቃል፣ ያስታውቅ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከዘመድ የተላከለት፣ ቤቱ ሠርቶ የጨረሰው ፐዝል ያለው ሰው ወደ አጥቢያው ቢሮ ያምጣ። የሰበታው ወደ ቡራዩ፣ የቡራዩው ወደ ሱሉልታ እየተዋወስን እንሠራዋለን። ስትመልሱ ቁራጮቹን በፌስታል ቋጥራችሁ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። የጎደለ ካለ ስንት እንደሆነ ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚወስደው ሰው ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ሥር እንዳይፈልግ።